የወፈሩትን ሕፃናት ሳያዩ ለተመለሱት ገምጋሚ

ነገሌ ቦረና፣ መስከረም ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

በየቤቱ እየተዞረ የሚደረገውን የአራሶችና የሕፃናት ጥየቃ መርምረው ለተመለሱት ክቡር ገምጋሚ፤
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፤
እንደምን ሰነበቱልን? ከነገሌ እስከ ሜጋ ያለው መንገድ ወገብዎን እንዳሳመመዎ ሰምተን አዝነናል፤ ለእኛ ሲሉ ስለተንገላቱ እግዜር ይስጥልን፣ ዳግመኛ እንዳይንገላቱም እንጸልያለን። እኔ ዘመኔን በሠራዊቱ ጨርሼ እዚሁ የቀረሁ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ደክሞኛል፤ ደብዳቤ መጻፍም አልወድም። ነገር ግን ጥናትዎ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ባነበብኩት ጊዜ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጥናትዎ እንደሚለው፣ አዴ ጉያቱ የምትጠይቃቸው ሕፃናት ከሌሎቹ የከሱ ሆነው ስለተገኙ ጥየቃው ፍሬ ቢስ ነው፣ እርሷም ጥቅምት ሲያልቅ ወደ ሌላ አገር ትዛወር። በየደጁ «ናጋ» ብላ በቦረንኛ ሰላምታ እየሰጠች እየገባች እርጉዝና አራስ የምታየው ጤና ረዳታችን እርሷ ናት። እንግዲህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ላንድሮቨርዎ ሰፈራችን ሲደርስ እናቶቹ ምን እንዳደረጉ የነገረዎ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዲንቄ ያንን እንደ ቅል የተድቦለቦለ ልጇን «ከዓይን ያውጣህ» ብላ ጓዳ ከተተችው፤ ሌላዋ ጎረቤቴ ከሚላም የእርሷን ልጅ በነጠላ ሸፍና ወደ እኅቷ ቤት ሮጠች። በዚህ ነገር ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ቦረናውም የወታደሩም ሚስት አንድ ናቸው፤ የወፈረ ልጅ ለማያውቁት ሰው አይታይም፣ ያውም በመንጠቆ አንጠልጥሎ ለሚመዝን! የታመመውን ግን መድኃኒት የመጣ መስሏቸው እየተሻሙ አወጡልዎ። እርስዎም የሰፈሩን ከሲታ ሁሉ አንድ በአንድ መዝነው ሄዱ። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ/ ለማነጻጸሪያ የመረጡት ጉያቱ የማትደርስበትን የመኮንኖቹን ግቢ ነው። እዚያ የሻለቃ ልጅ ልብሱን ያውልቅ የሚል ደፋር ስለጠፋ፣ ልጆቹ ከነጫማቸውና ከነሹራባቸው፣ አንዱማ ዳቦውን እንደጨበጠ ተመዘኑ አሉ። ጫማ ለሕፃን ጤና ይህን ያህል እንደሚበጅ ባለማወቄ አፈርኩ።

፫ኛ/ ይህችን እንኳ በቀልድ ልጽፋት አልችልም። ልጄ ቡርቱካን የበኩር ልጇን ስትወልድ ጉያቱ ገና ወደዚህ አልመጣችም ነበር። እትብቱ በተገኘው ምላጭ ተቆረጠ። ሕፃኑ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጡት መያዝ አቅቶት፣ የእናቱ ወተት በከንቱ እየፈሰሰ ሞተ። ለሁለተኛው ጉያቱ ቀድማ እየተመላለሰች፣ አዋላጂቱን ሳታስቀይም ምላጩን አስቀቀለቻት፤ ያ ልጅ ዛሬ ፍየል ያባርራል። እርስዎ የመጡ ዕለት አልጋ ሥር ተደብቆ ነበር።

አሁን ቡርቱካን ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ቀኗ ኅዳር ነው። ያቺ አዋላጅ በክረምቱ ሞተች። የተተካችው ምላጭ ቀቅዪ መባልን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች፤ የእኔን ምክር የወንድ ወሬ ብላ ትስቅበታለች፣ ጉያቱን ብቻ ትሰማለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ ጦር ሜዳ ቆሜያለሁ፤ ይህን ኅዳር ግን እፈራዋለሁ።

አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ፤ እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ይህ አይመለከትዎትም። የምለምነው ትንሽ ነው፤ ጉያቱን ይተዉልን። እንደገና መመዘን ካሻዎም ያለ ሚዛን ይምጡና ዲንቄ ቤት ወተት እየጠጡ ጥቂት ይሰንብቱ። ሰው ሲለምድዎ ልጁን ራሱ አምጥቶ ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎታል።

በሚዛንዎ ቀልለው የተገኙትን ጎረቤቶቼን ወክዬ፣ ስለ ወገብዎ ምሕረት እየለመንኩ፣ ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይነበብ ኅዳር አልፎ ለሌላ ጥናት ቢመጡ፣ ሕፃናቱ ይደበቁብኛል ብለው አይስጉ። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች ያያሉ። እዚያ ሥር የተኙትን ማንም አይደብቅብዎትም።