ደሳለኝ ያልተናዘዘው

ሰኞ፣ ጥር 19፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ዛሬ ከጋፋት መንገድ በላይ ያሉትን ቤቶች ጨረስን። ጓደኛዬ ሙሉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ። ለቀበሌ ምክር ቤት የምወዳደር ሳይሆን ለቅሶ የምደርስ ነው የምመስለው። በየቤቱ መጀመሪያ «እግዜር ያጥናሽ» ነው። ከዚያ ቁጭ ማለት ነው። ስለ ደረቀው የውሃ ቦኖ ላወራ አፌን ስከፍት፣ ግድ የለሽም፣ ድምፃችን ያንቺ ነው ይሉኛል። አንድም ነገር ሳልናገር እወጣለሁ።

ሙሉ ደስ ብሏታል። ተወዳደሪ ብላ የገፋችኝ እሷ ናት። ት/ቤት የምናስተምርበት ክፍል ጎን ለጎን ነው፤ ውሃ ሊቀዱ እየሄዱ የሚቀሩትን ሴት ልጆች አብረን ነው ስም የምንጠራው።

ባሌ ደሳለኝ ከሞተ ሃያ ሁለት ቀን። ደብተሬ፣ ላንቺ እንኳ እስካሁን አልጻፍኩም። ዛሬም አላለቀስኩም። እግሬ አብጧል፤ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21፣ ከማርያም መልስ

ሰው ስለ ውሃው ለምን እንደማይጠይቀኝ ገባኝ። በቀብሩ ዕለት አልቃሿ አንድ ግጥም አውርዳ ኖሯል። ደሳለኝ የምክር ቤቱን ወንበር እንድይዝ አደራ ብሎኝ እንደሞተ። እኔ ያን ቀን ምን እንደተባለ አልሰማሁም፣ ራሴን አላውቅም ነበር። አገሩ ግን ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ዛሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ሁለት ባልቴቶች እጄን ይዘው ያንኑ ግጥም አሉልኝ። አደራውን እኛም እንወጣለታለን፣ እንመርጥሻለን አሉ።

እውነቱን ላንቺ ልጻፈው። ደሳለኝ የሞተ ዕለት ከተኳረፍን ዘጠኝ ቀናችን ነበር። ለምርጫው በመመዝገቤ። ሚስቱ በየስብሰባው ስትዞር ሰው ምን ይለኛል ነው ነገሩ። በዚያን ዕለት ጠዋት እህል ሊገዛ ወደ እብናት ሲወጣ፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተናገረኝ አንድ ነገር ይህ ነው፦ ስመለስ ስምሽን አሰርዘሽ ላግኝሽ። በሩን ዘግቶ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና እብናት ሳይደርስ ተገለበጠ።

አደራው እንግዲህ ይኼ ነው።

ለሙሉ ነገርኳት። እስከ ምርጫው ለማንም እንዳትተነፍሺ አለችኝ። እሺ አልኩ። ሰሞኑን እሺ ማለት አያቅተኝም።

እሑድ፣ ጥር 25

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ስብሰባ። ተፎካካሪዬ አቶ ውባንተ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ፣ ባለፈው የተመረጡት እሳቸው። ቦኖው የደረቀው በእርስዎ ጊዜ ነው ብዬ ልሞግታቸው ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። መጀመሪያ እሳቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሟች ቃል ጋር አልፎካከርም፣ ስሜ ወረቀቱ ላይ ቢኖርም የኔ ሰዎች ድምፃችሁን ለወ/ሮ አስናቀች ስጡ አሉ፣ ወደኔ እያሳዩ። ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ለሐዘንተኛ ማጨብጨብ ነውር መሆኑ ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ተነሣሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። አሳፋሪ ነኝ። ይህን እንኳ ያወቅሁት ቤት ገብቼ፣ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 2፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

መረጥኩ። ራሴን። ጣቴ ላይ ቀለም አለ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ ከባድ። ቅደሚ ብለው መንገድ ለቀቁልኝ፣ እምቢ ብዬ ቆምኩ። የደሳለኝ እናት እማሆይ ጥሩወርቅ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ድምፃቸውን ሰጥተው ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ አለፉ። ሙሉ እንደምትለኝ፣ እኚህን ሴት ያቆማቸው የልጃቸው አደራ ነው። ታዲያ ውሸት ነው ብዬ እንዴት ልቀማቸው?

ሰኞ፣ የካቲት 3

ውጤቱ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በሰፊው አሸነፍኩ። ሙሉ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ የልጆች ፈተና ነበረብኝ፣ ገብቼ አረምኩ። ቃለ መሐላው በሚመጣው ሰኞ።

ዓርብ፣ የካቲት 7፣ አርባው

ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ። አቶ ውባንተ ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ ከደሳለኝ ወንድሞች እኩል። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

እማሆይን ጓዳ አስገብቼ ነገርኳቸው። ኩርፊያውን፣ የዚያን ጠዋት ቃል፣ ሁሉንም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አሉ። «ተኔ ቤት ጎራ ብሎ ነበር።»

ያን ጠዋት መኪና ሲጠብቅ ነው። የነገረኝን ነግሯቸው ኖሯል። ተቆጥተውታል፣ ተዋት ብለውታል። መኪናው ደረሰና ሄደ። ለአልቃሿ የአደራውን ቃል የሰጧት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በዚያ ክፉ ቃል እንዳይታሰብ። ኃጢአቱ የኔ ነው፣ ንስሐ የምገባውም እኔ ነኝ፣ አንቺ ዝም በይ ብለው ለመኑኝ። እሺ አላልኳቸውም።

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፤ በሱ። ዘጠኝ ቀን አኩርፎ፣ አዝዞ፣ መልሴን ሳይሰማ የሄደ ሰው! እንባዬ በአርባ ቀኑ መጣ፣ በንዴት። እማሆይ ጀርባዬን እያሻሹ አብረውኝ አለቀሱ። እጅግ ናፍቆኛል። ይህንንም ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ነገ ጠዋት አቶ ውባንተ ቤት እሄዳለሁ። በዚህ ውሸት ወንበሩን ያጡት እሳቸው ናቸው፣ ማወቅ ይገባቸዋል። ለአገር ቢያወሩትም መብታቸው ነው። እማሆይ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ሰኞ ግን እጄን አንሥቼ እምላለሁ።

ስሜን አላሰርዝም፣ ደሳለኝ። ያን ቀን ማታ በሩን ከፍተህ ብትገባ የምመልስልህ ይህንኑ ነበር።