ልጄን ከፈተና ስለ ጣላት ማዕረጌ

ጥቅምት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የፈተና ማረሚያ መኪና ክፍል ዋና ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። የመኪናዎንም ጤና እንዲሁ፤ ባለፈው ስንገናኝ ከሰው ይልቅ ለእርሱ ሲጨነቁ አይቻለሁና። እኛ በጋይንት ውርጭ ገብሳችንን ከመታው በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች አልደረሱም ስለ ተባልሁ ነው።

እዚሁ ጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ የማስተምር መሪጌታ ወልደ ሰንበት ነኝ። ልጄ ጽጌ ንፋስ መውጫ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ወድቃለች ተብላለች። ብታልፍ ደብረ ታቦር ገብታ ትማር ነበር፤ ከወደቀች ግን ትዳራለች። ሽማግሌዎቹ ደጄን መጥናት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

አንደኛ፣ ምስጋና፤ መኪናዎ ገበሬውን ከካህኑ ስላስቀደመ። በአምናው ፈተና ከትምህርት ቤታችን የገበሬው ልጅ ሁሉ ሲያልፍ የቄሱ፣ የአለቃውና የእኔ ልጆች እንደ ተማከረ ሰው በአንድነት ወድቀዋል። መምህራቸው ማሩ ይህን ባየ ጊዜ የወደቀው ልጁ ሳይሆን ክህነቱ ነው አለ፤ እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን ፍለጋ እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። የመኪናው ጠባቂ አቶ ሥዩም፣ ይህ ደብዳቤ ቁጣ አያምጣበትና፣ የጽጌን ካርድ አሳየኝ። በካርዱ ላይ ለስምም ለነጥብም የተለየ ቤት አለ፤ መኪናው ነጥቡን ሁለት ሁለት ቤት እየጎረሰ ያነባል። በእኛ አገር ካህንን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነውና መምህር ማሩ ከስሜ በፊት «መሪጌታ» ብሎ ጽፏል። ስሜም ከቤቱ ተርፎ ነጥቧን ሁሉ አንድ ቤት ገፋው። የሒሳቧ ዘጠና አንድ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዘጠኙ ከስሜ ጭራ ጋር ቀረ፣ አንዱ ከአማርኛዋ ሰማንያ አራት ላይ ስምንቱን ነጥቆ አሥራ ስምንት ሆነ። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ሌላ አገር የሚሠራበት መኪና እንዲህ ያለ መዛነፍ ሲገጥመው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው ይጠራል አሉ። የእርስዎ ግን ከስንት አገር አንዱ ብቻ የሚገዛው ብርቅ ዘር ስለሆነ ያገኘውን ሳያፍር አንብቦ ያልፋል። እኛ ዘንድ በድጓው አንዲት የዜማ ምልክት ስትስት ተማሪው ቆሞ ይታረማል፤ ለካ ኋላ ቀር ሆነን ነው! ይህን በትሕትና ባስረዳዎ መኪና አይሳሳትም ብለው አሰናበቱኝ። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ፤ ወንበርም ሞልቶ ነበር፣ ተቀመጥ የሚል ጠፋ እንጂ።

ሦስተኛውን ልተወው ብዬ ነበር፤ አልቻልሁም። ማዕረጌ ይፋቅ፣ ልጄ በባዶ ስሜ ትጻፍ ብዬ አዲስ ካርድ አስላክሁ። ጉልበቴን የጨረስሁበትን ማዕረግ በእጄ ስጥል ምን እንደ ተሰማኝ ለክቡርነትዎ አልነግርም። ክፍልዎ ግን አዲሱ ካርድ ከወደቀችው ተማሪ ካርድ ጋር አልተስማማም ብሎ መለሰው። እውነቱ ከስሕተቱ ጋር ካልተስማማ አይቀበሉም ማለት ነው። ሊቃውንታችን ይህን ምስጢር ሳይሰሙ ማለፋቸው ያሳዝናል።

መልስ ተስፋ አድርጌ አልጻፍሁም፤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

የክቡርነትዎን ወንበር ፈጣሪ ከመናወጥ፣ መኪናዎንም ከጸጸት እንዲጠብቅ ዘወትር የሚጸልይ፣
ወልደ ሰንበት፣ ማዕረጉ የተፋቀ

ማስታወሻ፦ ጽጌ እናቷ ፊት ቀርባ፣ «አባዬ፣ ያጎቴ የወርቁ ልጅ ተብዬ ልጻፍ፤ እሱ ገበሬ ነው፣ መኪናው አይጠላውም» አለችኝ። ወርቁ ከወገዳ ከተማ አጠገብ የሚያርስ የባለቤቴ ወንድም ነው። አለቀስሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ወስጄ፣ ስለ እውነት ሳስተምር በኖርሁበት አፌ፣ የወርቁ ልጅ ናት ብዬ፣ ዘንድሮ እንደገና እንድትፈተን፣ አዲስ ተማሪ አድርጌ አስመዘገብኋት። ስለዚህ ምናልባት ስለ ጽጌ የሚጽፉት ቢኖር ለአባቷ ለወርቁ ይላኩለት፤ እኔ ልጅ የለኝም።