በኒካሽ ቀን የሚነበብ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣ አካም ጂርታ? ሰውነትሽስ፣ እንቅልፍሽስ? የሪያድ ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጨፋ ላይ ማሽላው አሽቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

እናቴ ስልኬን አታነሳም ብለሽ መቀየምሽን አክስትሽ አሻ ነግራኛለች። አትቀየሚ። አንዴ «ባቲ ገበያ ወርዳለች»፣ አንዴ «ተኝታለች» የምትልሽ እኔው ለምኜያት ነው። ይህንንም ወረቀት ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ እሷው ናት። ፊደሌን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩት ነውና ጠማማውን አቃንተሽ አንብቢ።

ያ በሻሽ የምሸፍነው እንቅርቴ ከዐረፋ ወዲህ ትንፋሽ ከለከለኝ። መጋደም አቃተኝና ግድግዳ ተደግፌ ማደር ጀመርኩ። በመጨረሻ አሻ ጎትታ ባጃጅ ላይ ጫነችኝ። ሆስፒታል ነዋል የምትባል ሐኪም አገኘችን፤ ያንቺ እኩያ ናት። አንገቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ የፀጉር መላጫ የምታክል መሣሪያ አስጠጋችበት። መሣሪያዋ በሽቦ ከስልክ ጋር ተያይዛለች። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ትልካለች አሉኝ፤ ድምፁ ሲመለስ ስልኩ ላይ ሥዕል ይሆናል። «ይኸውልዎት እናቴ፣ የአየር ቧንቧዎ። ክብ መሆን ነበረበት» አለችኝ። ከብት እንደረገጠው አገዳ ተጨፍልቋል።

እንቅርቱ ደሴ ሄጄ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። የድምፅ ጅማት በዚያው ስለሚያልፍ ሊነካ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። እኔም፣ ልጄ ሪያድ ላይ ኒካ ልታስር ነው፣ በስልክ ልመርቃትና ከዚያ የፈለጋችሁትን ቁረጡ አልኳት። እናቷ ያልመረቀቻት ሙሽራ በእኛ አገር እንዴት እንደምትታይ ታውቂያለሽ። አሻ ግን «አንቺ ሴትዮ፣ ሬሳ ይመርቃል እንዴ? ዕድሜሽን ሙሉ ሦስት ቃል ሳትናገሪ ኖረሽ ዛሬ ምን ወሬ መጣብሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ነዋል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ አፈነኝ። ትንፋሼ እስኪመለስ ሁለቱም እጄን ይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ እሺ አልኩ።

አሁን ትራስ ላይ ጋደም ብዬ እተኛለሁ፣ አላህ ይመስገን። ከደሴ ስመለስ ነዋል ያችኑ መሣሪያ አንገቴ ላይ አድርጋ «ኢ ይበሉ» አለችኝ። ስልኩ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ሁለት ነገር ይታያል፤ ድምፅ የሚያወጡት እነሱ ናቸው አለችኝ። ቀኙ ተንቀሳቀሰ። ግራው ተኝቷል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ ግራው አሁንም ተኝቷል። «አንዳንዴ ይመለሳል እናቴ፣ በወራት ነው፤ እንጠብቅ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።

ኒካሽ ግን የፊታችን ጁምዓ ነው።

ስለዚህ ምርቃቴን እዚህ ጻፍኩት። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ አንቺው ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ እነሱ አሚን ይበሉ።

እንደ ጨፋ በበጋም ለምልሚ። የዘራሽው ይብቀል፣ የወለድሽው ይደግ። ደጅሽ እንግዳ አይጣ። አላህ ከባልሽ አያጣላሽ፣ የሰው አገር እንጀራም አያንቅሽ። በቤትሽ ቃልሽ የሚሰማ ይሁን። እንትፍ፣ እንትፍ።

ጁምዓ ለት አሻ ስልኩን ከፍታ ጉልበቴ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሳይናገር የሚተነፍስ ሰው ከሰማሽ፣ ልጄ፣ አትዝጊው።

እናትሽ፣ ከከሚሴ