ያልጨበጥኩት እጅ

ውድ እትዬ ዘነበች፣

ፊደሌ ቢጣመምብዎ ይታገሡኝ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙ ነጠላ እንኳ እንዳይነካው ጭኔ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ይህን ያስቀደምኩት የምነግርዎ ሁሉ ከእሱ ስለሚነሣ ነው።

የወንድሜ፣ የባለቤትዎ የጋሼ ግዛቸው ሙት ዓመት ደረሰ። የአጎታችን ልጅ ባዬ ከይርጋለም ሲመለስ የላኩብኝን ቃል አድርሶኛል። መናገሩ ከብዶት የሚኒባሱን መስታወት ሲወለውል ቆየ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ባዬ።»

«‹በለቅሶው ቀን እጇን የሰበሰበች፣ አሁንም እጇን ሰብስባ ቤቷ ትቀመጥ› ነው ያሉት» አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

አልተቀየምኩም። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። ወንድሜ በሳንባው ሲታመም ጎረቤት ከደጃፍ ነበር የሚጠይቃችሁ። አንድ ቀን አንሶላውን እያጠቡ «ሰው እጄን መጨበጥ ትቷል» ብለውኛል፤ አልረሳሁትም። ከዚያ እኔ፣ የገዛ እህቱ፣ ከሀዋሳ ድረስ መጣሁ። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ እጅዎን ዘረጉልኝ። ጣትዎ ገና ሲነካኝ ጮኼ እጄን ነጠቅኩ። ፊትዎን አየሁት። ቤት የሞላው ለቅሶኛም አየኝ።

እትዬ፣ በሽታውን ብፈራ ኖሮ ወንድሜ በታመመበት ክረምት ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላም ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ከለቅሶው በፊት፣ በዚያ ሰኔ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ተገለበጠች። ብረቷ ከእጅ አንጓዬ ከፍ ብሎ ቆረጠኝ። ሰፉልኝ፣ ዳነ። እርስዎ ሕመምተኛ ይዘው ሌላ ጭንቀት እንዳልጨምርብዎ «ጭረት ነው» ብዬ ላኩ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ግን እጄ መንደድ ጀመረ። በሚጥሚጣ የታሸ ይመስላል። ነፋስ ሲነካው ይነድዳል፤ የዝናብ ጠብታ እንደ ጋለ ሚስማር ይሰማኛል። ላዩ ንጹሕ ነው፤ ያለው አንዲት ቀጭን ጠባሳ ብቻ ናት፤ እሷንም እጅጌዬ ይሸፍናታል።

እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ ቆሎና ለውዝ ስሸጥ አጠገቤ የሚቆም ደረሰ የሚባል ባለ ባጃጅ ይቀልድብኛል። «እትዬ ከቤ፣ ይቺን እጅ ክርስትና አስነሺያት እንጂ፤ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈሻት ትውያለሽ።»

«አንተው የክርስትና አባት ሁናት» እለዋለሁ። አብሬው እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ አልስቅም።

እንደሚያውቁት ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ቆሎ ከምጠቀልልበት ወረቀት ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተበላሸውን እወስድና ሳልጠቀልልበት በፊት አነበዋለሁ። ስለ ቡና በሽታም፣ ስለ ውርስ ክርክርም አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ከመሃል ጀምሮ መሃል ላይ ያልቃል። አንድ ቀን ለጤና ሠራተኞች ሥልጠና የተባዛ ገጽ እጄ ገባ። ነርቭ ከተጎዳ ቁስሉ ቢድንም ሕመሙ ሊቀር እንደሚችል፣ አንጎል ራሱ ሕመምን ሊያበርድም ሊያባብስም እንደሚችል ይላል። «ስለዚህ ሕክምናው» ብሎ ገጹ አለቀ። ቀጣዩን ለማግኘት ጆንያውን ሁሉ ገለበጥኩ። ምናልባት ለአንዱ ለውዝ ጠቅልዬ ሰጥቼበት ይሆናል።

ገጹን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተር ሊዲያ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት።

«ይህን ማን ሰጠዎት?» አለችኝ።

«ቆሎ ልጠቀልልበት ነበር።»

ፈገግ ብላ ወንበሯን አስጠጋች። እጄን አልነካችም። እስካሁን ካዩኝ ሐኪሞች ሁሉ ሳትነካኝ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

«ግቢያችሁ ዘበኛ አለ?»

«አከራዮቼ አላቸው።»

«ሌባ ገብቶበት ያውቃል?»

«አንዴ ገብቶበታል። ከዚያ ወዲህ ድመት ባለፈች ቁጥር ሲጮህ አላስተኛ ብሎናል።»

«አንጎልዎም እንደዚያ ሆኗል» አለች። «ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርዱ መስመሮች አሉ። አንዱ ሕመሙን ‹በቃ፣ ዝም በል› ይለዋል፤ ሌላው ‹ጩህ› ይለዋል። ነርቭዎ ከተቆረጠ ወዲህ ዝም የሚያሰኘው ደክሟል፣ የሚያስጮኸው በርትቷል። ፍርሃትና ሐዘን ደግሞ ይብሱን ያበረቱታል።»

«ታዲያ የለም ማለት ነው? በሐሳቤ ነው?»

«አለ እንጂ። የማንም ሰው ሕመም የሚሰማው በአንጎሉ ነው። የእርስዎም እውነተኛ ሕመም ነው።»

እዚያው አለቀስኩ። ይድናል ወይ ብዬ ስጠይቃት ልትዋሸኝ አልፈለገችም፤ ሊቀንስ ይችላል፣ ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል አለችኝ። ያ የጠፋው ገጽም ከዚህ የተሻለ ነገር እንዳልነበረበት ያን ጊዜ ገባኝ።

ስወጣ የማስበው ስለ እርስዎ ነበር። ሐዘን ያበረታዋል ካለች፣ ከዚያ ቀን የበረታ ሐዘን የት ነበረኝ? ዘበኛዬ የመጣውን ሰው አልለየም፤ እርስዎን ሌባ አደረገዎ።

ያዘዘችልኝ መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ያፈዘኛል፤ ሒሳብ እየሳትኩ ለደንበኛ መልስ አብዝቼ እሰጣለሁ። እጄን ደግሞ ቀስ በቀስ እንዳለማምደው መከረችኝ፤ መጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ ከዚያ እህል ውስጥ በመክተት። እህል ከእኔ ቤት አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት ያልተቆላ ገብስ ሳፋ ላይ አፈስና እጄን እከታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ነጠላዬን ነክሼ ነው የቻልኩት። አሁን አቡነ ዘበሰማያት እስክጨርስ እቆያለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለስና ጥጡንም አልችለውም።

የሰው እጅ ግን ገና አልሞከርኩም።

ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። አትግቢ ካሉኝ ከደጅ እመለሳለሁ፤ የወንድሜ ቤት ቢሆንም የእርስዎ ነው። ብቻ ከመመለሴ በፊት አንድ ጊዜ እጅዎን ይዘርጉልኝ። ግራዬን አልሰጥዎትም፤ እሱን ላስታመመች ሴት ግራ እጅ አይሰጥም። ቀኜን ይያዙት፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፤ ለስለስ ያለ ንክኪ ይብሳልና። ብጮህም አይልቀቁኝ። ሰዉ ለወንድሜ ያለቀስኩ ይመስለዋል።

ለእሱም ይሆናል።

እህትዎ ከበቡሽ
ከሀዋሳ