አምስተኛው ጥርስ

እህት ዓለም፣

ያልቀሰቀስኩሽ ለእንቅልፍሽ አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ በምን ዓይኔ አይሻለሁ ብዬ ነው።

ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ከሥሩ አታንሺው። ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለውን መስኮት ደግሞ እንዳትከፍቺ። ሳህኑ ላይ ያሉት የቀንድ አውጣ ዛጎሎች ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም፣ ነፋስ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

አዎ፣ ከኖራ ድንጋዩ ኮረብታ የለቀምናቸው፣ የተጣላንባቸው ናቸው።

ስትስያቸው ዛጎሉ አፍ ውስጥ ያሉትን፣ ጥርስ የምንላቸውን እብጠቶች አምስት አደረግሽ። እኔ፣ «አራት ነው! የወዲያኛው ኮረብታ ዝርያ ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩብሽ። አምስተኛውን በላጲስ አጠፋሽው። እኔም «ሌላ ቦታ የሌለ ዝርያ እዚህ አላገኘሁም» ብዬ ፈረምኩ። በዚያ ፊርማ ነው ድንጋይ አውጪዎቹ ሰኞ ኮረብታውን በድማሚት የሚንዱት።

ዛሬ ጠዋት አንዱን ዛጎል በመርፌ ጫፍ አዘንብዬ በማጉያው አየሁት። አምስተኛው ጥርስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀምጧል። ሌሎቹንም አየሁ፤ ሁሉም አላቸው። ከወዲያኛው ኮረብታ የመጡት አንዳቸውም የላቸውም።

ግን አንቺስ? እኔ ስለጮኽኩ በዓይንሽ ያየሽውን ታጠፊያለሽ?

ተዪው።

የመናጃውን ፈቃድ የሰጡት ሰዎች ቢሮ ሳይከፈት በሩ ላይ ልቆም ሄጃለሁ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ቢሉኝም ከዚያ አልነቃነቅም። ዛጎሉን በባዶ ዓይን አያዩትም፤ የሚያሳምናቸው ሥዕልሽ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት አድርሺልኝ።

ዳቦ አለ፣ በልተሽ ውጪ።

ሥዕሉን ጠረጴዛሽ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ እርሳስሽንም ቀርጬልሻለሁ። ያጠፋሽበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። ቀስ ብለሽ ሳዪው።