የአንደኛ ክፍል ወላጆች አሻራ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ዘይት ቢጠጣ እግርሽን ያሳርፍልሽ ነበር። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጅሽን ያልረገጥኩት ታምሜ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በቋንቋችን ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ግን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴ ማንበብ የተማረችው በቢሮው ቋንቋ ብቻ ነው፤ የኛን ትናገረዋለች እንጂ ተጽፎ ብታየው አታነበውም። ስለዚህ እኔ ወደነሱ ገልብጬ እጽፋለሁ፣ እሷ ወደኛ ገልብጣ ትነግርሻለች። ሚጣ፣ ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺ ጉሮሮሽን ጠርገሽ እንዳታልፊ። አውቅሻለሁ!

እማ፣ ክፍሌን ወሰዱብኝ። የአንደኛ ክፍል ልጆችን፣ አንቺ የምታሳድጊያትን የወንድሜን ልጅ ጨምሮ፣ በቋንቋችን ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ወር አልሞላኝም ነበር። መጽሐፉ የመጣልን ከቢሮው ቋንቋ ቃል በቃል ተገልብጦ ነው፤ ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸው ተጽፎላቸው አልገባቸውም። የግማሽና የሩብን ምዕራፍ ዘጋሁና አንቺ ታሳዪኝ እንደነበረው ቁራጭ ጨርቅ አጥፌ አሳየኋቸው። ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ እንኳ «ቲቸር፣ አንዴ ደግመን ብናጥፈውስ?» አለኝ። ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ቆሞ «ትምህርት ቤት ነው ልብስ ስፌት ቤት?» ብሎ ሳቀ። «ሁለቱም» አልኩት።

ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ ጠርቶ አንድ ወረቀት ፊቴ ዘረጋ። የወላጆች አቤቱታ ነው። ልጆቻችን የቤታቸውን ቋንቋ ቤታቸው ያውቁታል፣ ትምህርት ቤት የላክናቸው የቢሮውን እንዲማሩልን ነው ይላል። ከሥሩ ሃያ ሦስት የአውራ ጣት አሻራ። የአንዱን መሃል ቀጭን ነጭ መስመር ያቋርጠዋል፤ እንዳንቺ አውራ ጣት መቀስ የበጣው ጣት እንደዚያ ነው የሚያትመው። ዳይሬክተሩ «ከነዚህ የምታውቂው አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት።

ወላጆቹ ክፉ አይደሉም። እኔን በትኩሳት አዝለሽ ጤና ጣቢያ የሄድሽ ቀን ነርሷ «ሴትዮ፣ አፍ የለሽም እንዴ?» ብላ በሰው ፊት እንዳሸማቀቀችሽ አልረሳሁም። ልጆቼ እንደኔ አይሆኑም ብለሽ እንደማልሽም አልረሳሁም። ግን እማ፣ ልጆቹን ማን ከለከላቸው? የቢሮውንም ቋንቋ በየቀኑ አስተምራቸው ነበር፤ በሚያውቁት ይዤ ወደማያውቁት እየወሰድኩ። ቀርቦ የጠየቀኝ አንድ ወላጅ የለም። አንድም!

አሁን የምሠራው መጻሕፍት ማከማቻ ውስጥ ነው። የተረፉት የቋንቋችን መጻሕፍት ገመዳቸው ሳይፈታ ተደርድረዋል፤ እኔ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ ከጻፍኩ፣ በነሱ ቋንቋ ብቻ ለማስተማርም ከተስማማሁ፣ ወደ ክፍል እመለሳለሁ ተብያለሁ። አልጽፍም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ልጆቼ አዲሱን መምህር ተከትለው ሲጮሁ እሰማለሁ። ያለውን ይደግማሉ፣ ምን እንዳሉ ግን አያውቁም።

ባለፈው ማክሰኞ የወንድሜ ልጅ ቀሚሷ ርሶ ስትመጣ ውሃ ተደፋብኝ ብላሽ ነበር። ውሃ አይደለም። ለመውጣት በቋንቋችን ፈቃድ ብትጠይቅ መምህሩ «በትክክል ጠይቂ» አላት። አላወቀችበትም። ቆማ ቀረች። በእረፍት ሰዓት ከማከማቻው ጀርባ ተደብቃ አገኘኋትና «ነይ የኔ እናት» እያልኩ በቋንቋችን ሳባብላት እጇን አፌ ላይ ከደነችው። «ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አለችኝ፤ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲህ ምግብም አይበላልኝም። ይስተካከላል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። የኔን አፍ የከደነች እጅ ነገ ገበያ መሃል ያንቺንም ትከድናለች። ሚጣ ዛሬ ገልብጣ ታነብልሻለች፤ የሚጣ ልጆች ግን ለማንም የሚገለብጡት ነገር አይኖራቸውም።

አልተቀየምኩም ማለት አልችልም። እወድሻለሁ፣ ያንንም ልተወው አልቻልኩም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ዓይንሽን ከብርሃን አያጉድልብኝ።

የምትመልሺልኝ ካለ ሚጣን አታስጽፊያት። ራስሽ ነይ። ብትሰድቢኝም በቋንቋችን ስደቢኝ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ጮክ ብለሽ።

አልታዘዝ ያለችሽ ልጅሽ