ጉልበተኛው ማሽን አይበራም

ለክቡር የመዝናኛ ቤቶች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎና የመላው ቤተሰብዎ ጤና እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ጄኔሬተር ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ አላህን እለምናለሁ። እኛ የመርሳ ሰዎች፣ ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ ወዲህ መብራቱም ኔትወርኩም ባይመለስልንም፣ አልሐምዱሊላህ አለን።

ኮሚቴዎ ለእኅታችን ለሀስና ጌም ቤት ስላደረገው ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከዘረፋ የተረፈችውን አንዲቷን አሮጌ የጌም ማሽን ወስዳችሁ እጅግ ዘመናዊ በሆነ ስለተካችሁላት እናመሰግናለን። ባለሙያችሁ «ማሽን የሚመዘነው በጉልበቱ ነው» ሲሉ አስረድተውናል። መብራት ባለበት ከተማ አባባሉን አልቃወምም፤ የአዲሱ ምስል ይበልጥ ጥርት እንደሚል፣ ፍጥነቱም እንደሚልቅ አምናለሁ። ዳሩ ግን አሮጌዋ በሀስና የሶላር ባትሪ ስታመሽ፣ አዲሱ ገና ሲነሣ ባትሪውን ያጠፋዋል።

ሁለተኛ፣ ጄኔሬተር ተውሰን ብናበራውም፣ የእግር ኳስ ጨዋታውን ከመክፈቱ በፊት በኢንተርኔት መታደስ እንዳለበት አስታወቀን። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ፈቃድ ሳያገኝ የማይንቀሳቀስ እንዲህ ያለ ሥርዓት አክባሪ ጉልበተኛ ስላሳያችሁን እናመሰግናለን።

ሦስተኛው የታናሽ ወንድሜ የሰይፈዲን ጉዳይ ነው። ቀኝ እጁን የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ከመታው በኋላ፣ ጣቶቹን ካላሠራቸው ደርቀው እንደሚቀሩ ሐኪሙ ነግሮታል። እንዲጨብጠው ኳስ ብንሰጠው ወረወረው፤ ሀስና ቤት ግን ጆይስቲክ ያዘ። የተሸነፈ ለተረኛ ያቀብላል የሚለው የጌም ቤት ሕግ ለእሱ ብቻ ተሻረ። ተረኞቹ «ሰይፉ፣ በሦስት ጣት እንዲህ ካስጨነቅኸን፣ አምስቱ ሲሠሩ ከመርሳ ልታስወጣን ነው» እያሉ ቆመው ይጠብቁት ነበር። አውራ ጣቱ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ማሽኗ ከተወሰደች ወዲህ እንደገና እየደረቀ ነው። የሕክምና ባለሙያ ስላልሆንሁ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረን መናገር አልችልም፤ የማውቀው ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እኔ እንደቆለፍሁለት ነው።

ስለዚህ ጉልበተኛውን ተረክባችሁ ደካማዋን እንድትመልሱልን፣ ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት የሚቻል ከሆነም ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ከማይገባን ስጦታ በታች የምንገኝ፣
አብዱልሐሊም ሙሐመድዘይን
መርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማመልከቻ ላስገባ ወልድያ በመጣሁ ጊዜ፣ አሮጌዋ ማሽን «ከአገልግሎት ውጭ» ተብላ መጋዘን መግባቷ ተነገረኝ። ከመጋዘኑ ግን የጎል ጩኸት ይሰማ ነበር። ባለሙያዎ ሲሸነፉ፣ ተረኛው ሰይፈዲን መሆኑን እንዲነግሩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።